መንግሥትን ሦስት ጊዜ የሚጠሩት ሰው

የበደሉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ፋንታሁን ይባላል፤ የወረዳችን የመሬት ጽሕፈት ቤት ሹም ነበር፤ የበደለኝም ባለቤቴን በቀበርኩ በወሩ ነው። ሁለተኛው አቶ መንበሩ ናቸው፤ ጎንደር ውስጥ መንግሥትን የሚከስ ሰው አቤት በሚልበት ችሎት ሬጅስትራር ነበሩ፤ መዝገብ ይከፍታሉ፣ ቀጠሮ ይጽፋሉ፣ ባለጉዳይ ይጠራሉ። እሳቸው የበደሉኝ ከዚያ ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ፣ በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ግቢው በሰው በተሞላበት ሰዓት ነው። ፋንታሁን በሕይወት አለ። አቶ መንበሩ ባለፈው ወር ሞቱ። የምጽፈው ስለ ሟቹ ነው።

መሞታቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ድንኳኑ ተነሥቶ ነበር። ልጃቸው አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ «እመይቴ፣ አባባን በምን ያውቋቸው ነበር?» አለችኝ።

«በመዝገብ» አልኳት።

እያለቀሰች ሳቀች። ከእኔ በፊት የመጣው ሰው ሁሉ እንደዚሁ ብሏት ኖሯል። እኔ ግን በመዝገብ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አልነገርኳትም። የሐዘንተኛ ቤት ቂም የሚነገርበት ቦታ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ከኮሶዬ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የደባርቅ መንገድ ዳር፣ ሦስት ጥማድ የገብስ መሬትና አንድ ቤት ነበረን። ባለቤቴ ሲታመም መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተን፣ ጎንደር ከሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሰባት ወር ተቀመጥን። አልዳነም። በግንቦት አስከሬኑን ይዤ አገሬ ገባሁ፤ ቀበርኩ፤ ለቅሶ ተቀመጥኩ። በሰኔ ደብዳቤ መጣ። «ባለይዞታዋ አካባቢውን ለቀው ከሄዱ ከሁለት ዓመት በላይ ስለሆናቸውና ያሉበት ስለማይታወቅ፣ ይዞታው ወደ መንግሥት ተመልሷል» ይላል። ከሥሩ የፋንታሁን ፊርማ አለበት። ደብዳቤውን የቀበሌው መልእክተኛ የሰጠኝ እዚያው ደጃፌ ላይ፣ ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ነው። ያለሁበት የማይታወቀው ሴትዮ በእጄ ፈርሜ ተቀበልኩ።

በሳምንቱ የገብሱ ቡቃያ ላይ የግንባታ ጠጠር ተገለበጠ። መሬቴን ለማን እንደሰጡት አልጽፍም፤ ያ ሰው ቢያንስ ለቅሶዬ ላይ ቆሞ አላጽናናኝም። ቤቴ ታሸገ። ጎንደር ልጄ ቤት ገባሁ። ልጄ ጥሩ ናት። ስለ ባሏ የምናገረው የለኝም። ጓዳቸው ውስጥ አንድ ፍራሽ ተነጠፈልኝ፤ መሬቴ ካልተመለሰ እዚያው ፍራሽ ላይ እንደምሞት ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ። እኔ ሃያ ዓመት የገበሬዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ የያዝኩ ሴት ነኝ፤ በሰው ጓዳ ለመሞት አልተዘጋጀሁም። ከሰስኩ።

ከአቶ መንበሩ በፊት ችሎቱ ምን ይመስል እንደነበር ያላየ ሰው አያምነኝም። ሁላችንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ኑ እንባላለን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ስም አንድ ጊዜ ያንሾካሹካል፤ ያልሰማ ቀረ ይባላል። የመንግሥት ወገን የሆኑት ከእኛ ጋር አይቆሙም፤ በጓሮ በር ገብተው ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋር ሻይ ይጠጣሉ። ከሻይ በኋላ ቀጠሮ ይለወጣል። ለምን እንደተለወጠ የሚነግረን የለም። መዝገቦቹ በሲባጎ እየታሰሩ እስከ ኮርኒስ ተከምረዋል፤ ከታች ያለው መዝገብ ከላይ እንዲወጣ ከፈለግህ እጅህ ባዶ መሆን የለበትም። ያን ጊዜ እዚያ ጠረጴዛ የተቀመጠውን ሰው ስም አልጠራም። ጡረታ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ እግዜር ይየው።

ግቢው ውስጥ ጎረቤቴ ከድብ ባሕር የሚመጣው አያ ስጦታው ነበር። በሬው ክትባት በተከተበ በማግሥቱ ሞቶበት መንግሥትን የከሰሰ ሽማግሌ ነው። ከሕግ ይልቅ በምላሱ ይተማመናል።

«እቴ ዘርፌ፣ ዛሬስ መንግሥት ምን ሆኖ ቀረ አሉሽ?»

«ስብሰባ ነው አሉ።»

«ባለፈው ሥልጠና፣ ከዚያ በፊት መስክ። ይህን ያህል የተሰበሰበና የሠለጠነ ሰው እኮ የእኔን በሬ ከመቃብር ባስነሣ ነበር!»

ሦስት ክረምት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ክረምት መጨረሻ ጭራሽ መዝገብሽ የለም ተባልኩ።

አቶ መንበሩ የመጡት ኅዳር እንደገባ ነው። ቀጠን ያሉ፣ ረዥም፣ ሥልሳ የተጠጉ ሰው ነበሩ። ልጅነታቸውን የቆሎ ተማሪ ሆነው ያሳለፉ ናቸው፤ ቅኔ ጀምረው ነው ወደ ዘመናዊው የገቡት ይባል ነበር። ከኮታቸው ኪስ ጠመኔ አይጠፋም፤ ኪሱ ሁልጊዜ በነጭ ዱቄት እንደተሸፈነ ነው። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንብበው ሲጨርሱ ጣል ያደርጉታል። ሥራ ሲዘጉ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ «ይቆየን» ይላሉ። ፈገግ ሲሉ አይቼ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ካልሆነ። እሱን ወደ ኋላ እነግራለሁ።

እኔ አዲስ ሰው መጣ ስባል ያደረግሁት ያገሬ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። ከኮሶዬ ከመጣች ሴት አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ገዛሁ፤ በነጠላዬ ሸፍኜ መዝገብ ቤት ገባሁና ጠረጴዛቸው ሥር አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው እመይቴ?»

«ለቤት ነው። ያገር ቤት ቅቤ ነው፤ ለልጆች።»

«የመዝገብ ቁጥርዎ ስንት ነው?»

ነገርኳቸው። ልቤ ሞቀ። ሊያስታውሱኝ የጠየቁኝ መስሎኝ ነበር። ትልቁን መዝገብ ገለጡና ጻፉ፤ በቀለሙ ላይ እፍ አሉበት፤ ከዚያ በአንድ እጃቸው መዝገቡን በሌላው ቅሌን ይዘው በረንዳው ላይ ወጡ። እንደ ዲያቆን ባለ ድምፃቸው ለግቢው አነበቡት።

«ወይዘሮ ዘርፌ፣ ከሳሽ፣ አንድ ቅል ቅቤ ይዘው ወደ መዝገብ ቤት ቀርበዋል። ቅቤው በዚያው ሰዓት ተመልሶላቸዋል። እመይቴ፣ ይምጡ ይፈርሙ።»

ሰማይ ተደፋብኝ። መጀመሪያ የተናገረው አያ ስጦታው ነበር።

«ምነው እቴ ዘርፌ! ሦስት ዓመት ጎንሽ ስቀመጥ እኔን አንድ ቀን እንኳ በጣትሽ ሳታልሽኝ!»

የዚያን ሣቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ፈረምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ባለ ቅቤዋ» ሆነ። ዘበኛው እንኳ «ባለ ቅቤዋ መጣች» ይል ጀመር። እዚያ ግቢ ውስጥ ከነበረው ሰው ስንቱ ቅቤና ማር ተሸክሞ በዚያ በር እንደገባ እኔ አውቃለሁ። የተጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። «አቶ መንበሩ፣ ያን ጽሑፍ ይፋቁልኝ» አልኩ።

«መዝገብ አይፋቅም እመይቴ። የሚጨመር ካለ ይጨመራል።»

«ስሜን አጠፉት እኮ።»

«ተመልሶላቸዋል ብዬም ጽፌአለሁ። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ለምን አያነቡትም?»

ወጣሁ። ምን ብዬ እንደረገምኳቸው አልጽፍም፤ ሞተዋል።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ ያየሁት በዚህ ቂም ውስጥ ሆኜ ነው፤ ስለዚህ አጋነነችላቸው የሚለኝ አይኖርም።

መጀመሪያ የጓሮውን በር ራሳቸው መዶሻ ይዘው ቸነከሩት። የመንግሥት ጠበቆችና ሹማምንት በፊት ለፊት በር፣ በእኛ መካከል እያለፉ መግባት ጀመሩ። ቀጥሎ ለያንዳንዱ ባለጉዳይ የራሱን ሰዓት ሰጡ። ለእኔም መዝገቤ ገና ሳይገኝ የሐሙስ አራት ሰዓት ተኩል ደረሰኝ። አያ ስጦታው ግን ሰዓት አለህ ቢባልም እንደ ልማዱ በሁለት ሰዓት ይመጣ ነበር፤ «ጨዋታው ይቀርብኛል» ይላል።

ኮምፒውተር ሲመጣ መዝገቡ ሁሉ ማሽኑ ውስጥ ይግባ ተባለ። አቶ መንበሩ፣ «ከመግባቱ በፊት ፀሐይ ይሙቅ» አሉ። የብራና መጽሐፍ እንደሚናፈሰው መዝገቦቹን ሁሉ አውጥተው ግቢው ውስጥ በጆንያ ላይ አሰጧቸው። ማንበብ የምንችለው በየረድፉ እየዞርን ስማችንን እንድንፈልግ፣ ለማይችሉትም እንድናነብላቸው አደረጉ። የእኔን ያገኘሁት «የተዘጉ» ተብሎ ከታሰረ ክምር ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሳይሰማ ተዘግቶ ኖሯል። ይዤላቸው ሄድኩ። አቶ መንበሩ አቧራውን በእጅጌአቸው ጠረጉት፤ ያልተዘጋ መዝገብ መሆኑን ጻፉ፤ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ለሚጽፉት ልጆች ነገሩ። ማውሱን እንደ እንቁላል ነበር የሚይዙት፤ መብራት ሲጠፋ ግን ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ እሳቸው በትልቁ መዝገብ ይቀጥላሉ።

ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀሉ። ቀጠሮ በተለወጠ ቁጥር በጠመኔ ይጽፋሉ፦ ቀጠሮ የጠየቀው መንግሥት፤ ምክንያት ስብሰባ፤ ለስንተኛ ጊዜ፣ ለዘጠነኛ። በእኛ መዝገብ የተመደበው ዐቃቤ ሕግ፣ መንግሥትን ወክሎ የሚከራከረው ጎልማሳ፣ አንድ ቀን ሰሌዳውን አይቶ ፊቱ ቀላ።

«አቶ መንበሩ፣ ይህ መንግሥትን ማዋረድ ነው።»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ያሉኝን ነው የጻፍኩት። ሌላ ምክንያት ካለዎት ሌላ እጽፋለሁ።»

ግቢውን ያስደነቀው ግን የቀጠሮው ወረቀት ነው። በድሮ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸው ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል፤ እስኪፈረድ አንዱ ከሌላው አይለይም። አቶ መንበሩ ይህን ችሎቱን ለሚመሩት ሴት ዳኛ ነገሯቸውና፣ «መንግሥት ነጠላ የለውም፤ ስለዚህ ወረቀት እንቋጥርለታለን» አሉ ይባላል። ቀጠሮው በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ማኅተሙ መካከሉ ላይ ይመታል፤ ከዚያ በማኅተሙ ላይ ለሁለት ይቀደዳል። ግማሹ ለከሳሽ ነው። ግማሹ የተከሰሰበትን ደብዳቤ ለፈረመው ሹም በእጁ ይሰጣል፤ ለመሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ ለሰውየው ነው። በቀጠሮው ቀን ሁለቱ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ካልገጠሙ ነገር አይጀመርም፤ የማን ቁራጭ እንደቀረ ይጻፋል። ትእዛዙን የፈረሙት ዳኛዋ ናቸው። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እንግዲህ የእኔ ወረቀት ሌላው ቁራጭ ፋንታሁን ኪስ ገባ ማለት ነው። በጥር ሐሙስ ቀን አቶ መንበሩ በረንዳው ላይ ወጡ።

«ከሳሽ ወይዘሮ ዘርፌ!»

«አቤት» አልኩ።

«ተከሳሽ መንግሥት!»

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

«መንግሥት!»

ዐቃቤ ሕጉ በሩ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«መንግሥት!»

«ኧረ አቤት በል፣ ሽማግሌ እየጠራህ!» አለ አያ ስጦታው ወደ ሰማይ። አቶ መንበሩ ገብተው ጻፉ፦ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም። በየካቲትም እንዲሁ ሆነ። ያን ቀን ዳኛዋ፣ «በመጋቢት ደብዳቤውን የፈረሙት ሰው ካልቀረቡ፣ እሳቸው በሌሉበት ይወሰናል» አሉ።

ለመጋቢቱ ቀጠሮ ሁለት ቀን ሲቀረው የአንድ ሰነድ ግልባጭ ልወስድ ሄጄ ነበር። ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ከውስጥ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ፋንታሁን ነበር።

«አያ መንበሩ፣ ያችን ደብዳቤ ለአንድ ቀን ብቻ ልውሰዳት። ቀኗ ተሳስታለች። ሰኔ የተባለው መጋቢት መሆን ነበረበት፤ አስተካክዬ አመጣታለሁ።»

በዚያ ዓመት መጋቢት እኔ ጎንደር፣ ባለቤቴ አልጋ አጠገብ ነበርኩ። ቀኑ ወደ መጋቢት ከተለወጠ፣ ደብዳቤው ሲጻፍ ቤቴ አልነበርኩምና ያለው ሁሉ እውነት ይመስላል። ሦስት ጥማዴ በአንድ ብዕር ጭረት ልትሄድ ነው። ተነሥቼ ልጮህ ነበር፤ የአቶ መንበሩን መልስ ልስማ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ተሳሳተ የምትለውን ጽፈህ፣ ፈርመህ አምጣ» አሉ አቶ መንበሩ። «ከጎኗ አያይዘዋለሁ።»

«እሱማ ነገር ይሆናል። ምነው አያ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት! የአገር ልጅ አይደለን?»

«መዝገብ አይፋቅም።»

ለእኔ የተናገሩበት ያው ድምፅ ነበር፤ አልወፈረም፣ አልቀጠነም። ከዚያ ብዕራቸው ወረቀቱን ሲጭር ሰማሁ። «አቶ ፋንታሁን ደብዳቤውን ከመዝገብ ለማውጣት ጠይቀዋል፤ አልተፈቀደም። ይፈርሙ።»

ፋንታሁን አልፈረመም። በሩን በርግዶ ወጣ፤ በአጠገቤ ሲያልፍም አላየኝም። እኔ ቢያንስ ፈርሜ ነበር። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ቅቤዬ ከዚያ መዝገብ ባለመፋቁ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ማለት ይበዛል፤ አልከፋኝም።

ግልባጩን ልወስድ ስገባ አቶ መንበሩ ምንም እንዳልሆነ ሰው ነበሩ። መስኮቱ ክፍት መሆኑን፣ እኔም ከሥሩ መቀመጤን ያውቁ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሐሙስ ደረሰ። «መንግሥት!» ብለው ሲጠሩ በመጀመሪያው ጥሪ ፋንታሁን «አቤት» አለ። ግቢው እርስ በርሱ ተያየ። ገባን። ሁለቱ ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ገጠሙ፤ የማኅተሙ ክብ ሞላ። ከሳሽና የፈረመው ሹም ጎን ለጎን እንዲቆሙ ሥርዓት ሆኖ ነበርና ትከሻው ትከሻዬን ሊነካ ትንሽ ቀረው። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተቀራርበን አናውቅም። እዚያ ቆሞ የገዛ ደብዳቤውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ታዘዘ። «ያሉበት ስለማይታወቅ» ሲል ድምፁ ትንሽ ዝቅ አለ።

«ወይዘሮ ዘርፌ» አሉ ዳኛዋ፣ «ጠበቃ የለዎትም። የሚጠይቁት ካለ ራስዎ ይጠይቁ።»

ሦስት ዓመት በደብተር የጻፍኩት ጥያቄ ነበረኝ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አልከፈትኩትም። የጠየቅሁት ያልጻፍኩትን ነው።

«አቶ ፋንታሁን፣ የባለቤቴ ለቅሶ ላይ ደርሰህ ነበር?»

ዐቃቤ ሕጉ ብድግ አለ። «ክብርት ዳኛ፣ ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም።»

«ይመልሱ» አሉ ዳኛዋ።

ፋንታሁን ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ። ወንበሮቹ ላይ የአገር ሰው ሞልቷል። ያገሬን ሰው አውቀዋለሁ፤ የፈረመውን ሊክድ ይችላል፤ የደረሰበትን ለቅሶ ግን አይክድም። ያልደረሰ እንኳ ደርሻለሁ ይላል። አልደረስኩም ቢል የነገ ሬሳው ብቻውን ይቀራል።

«ደርሻለሁ» አለ። «ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር እዝን ይዘን መጥተናል።»

«ማንን አጽናናህ?»

«እርስዎን።»

«የት ተቀምጬ?»

ወደ ዐቃቤ ሕጉ ዞረ።

«ይመልሱ» አሉ ዳኛዋ።

«እዚያው... ቤትዎ።»

«የትኛው ቤቴ?»

«መንገድ ዳር ያለው።»

«መቼ ነበር?»

«ግንቦት መጨረሻ።»

ዳኛዋ ደብዳቤውን አነሡ። «ይህ የሰኔ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። አቶ መንበሩ ሳይጠየቁ ትልቁን መዝገብ አንድ ገጽ ገልጠው አቀረቡላቸው። ደብዳቤው ይውጣልኝ የተባለበት ገጽ ነበር። ዳኛዋ አንብበው ፋንታሁንን ለረዥም ጊዜ አዩት።

ከኋላ የአያ ስጦታው ድምፅ ተሰማ። «እሰይ! ያለችበት ታወቀ!»

«ጸጥታ!» አሉ አቶ መንበሩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ከንፈራቸው ጥግ ላይ፣ በጢማቸው ሥር፣ አንዲት ነገር ብልጭ ብላ ጠፋች። ሌላ ሰው አላየም ይሆናል። እኔ የማየው ብዙ ነው።

ውሳኔው በሚያዝያ ተነበበ። ደብዳቤው ተሽሯል፤ ይዞታው ለወይዘሮ ዘርፌ ይመለስ፤ የተገለበጠው ጠጠር በአሥራ አምስት ቀን ይነሣ። ሲነበብ አላለቀስኩም። አንድ ከባድ ነገር፣ ተሸክሜው እንደነበር የረሳሁት ነገር፣ ከትከሻዬ ወረደ። አየሩ ቀለለኝ። የአዳራሹ ወንበሮች አረንጓዴ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ሦስት ዓመት ስመላለስ ቀለማቸው ምን እንደሆነ ልብ ብዬ አላውቅም።

ግልባጩን ልወስድ መዝገብ ቤት ገባሁ። አቶ መንበሩ በየገጹ ማኅተም መትተው ሰጡኝ።

«ገጾቹን ይቁጠሩ፤ የጎደለ እንዳይኖር።»

ቆጠርኩ። ሙሉ ነው። መሄድ ነበረብኝ፤ ቆምኩ።

«አቶ መንበሩ፣ አንድ ነገር ልልዎት ነበር።»

መነጽራቸውን ጣል አደረጉ። «መዝገብ ውስጥ የሚገባ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ይቆየን፣ እመይቴ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ወደ በረንዳው ወጡ። «ከሳሽ አቶ ስጦታው! ተከሳሽ መንግሥት!» ዐቃቤ ሕጉ ሻዩን ሳይጨርስ፣ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ፣ «አቤት! አቤት!» እያለ ግቢውን አቋርጦ ሮጠ።

ያን ልላቸው የነበረውን ምስጋና አልሰሙትም። ምስጋናዬን እንኳ አላስጨረሱኝምና ይህንንም በበደላቸው ላይ ጨምሬዋለሁ። ይቅር አልኳቸው ወይ የሚለኝ ካለ፣ ገበያ ስወጣ ዛሬም «ባለ ቅቤዋ» የሚለኝ አለ፤ ስለዚህ አላልኩም። ግን በዚያ ግቢ ሹም ከደሃ እኩል ሲጠራ፣ እኩል ሲቆም፣ እኩል ሲጻፍ ያየሁት በእሳቸው ነው። እኔን ባይጽፉኝ ኖሮ ፋንታሁንንም ባልጻፉት ነበር። ይህን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ለመቀበል ነው ዓመታት የፈጀብኝ።

በማግሥቱ ፍራሹን ጠቅልዬ ለልጄ መለስኩላት። የጠዋቱን መኪና ተሳፍሬ ወደ ኮሶዬ ሄድኩ። እሽጉ ሲነሣ ቤቴን ከፈትኩ፤ ጠራረግሁ። ጠጠሩ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ተነሣ። የእኩል አራሹን ጠርቼ ሁለት ጊዜ አሳረስኩ። በሰኔ ገብስ ዘራሁ።